«እግዜር ይማርህ» የማይባለው ሕመምተኛ

ባገራችን የታመመን ሰው መጠየቅ ከጥንት ጀምሮ የቆየ መልካም ልማድ ነው። ጎረቤት ወባ ያዘው ሲባል፣ አንዲት ዘመድ ወድቃ እግሯ ተሰበረ ሲባል፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ተኛ ሲባል፣ ሥራ የበዛበትም ሥራ የፈታውም ተነሥቶ ይሄዳል። ያለው ብርቱካንና ሙዝ አንጠልጥሎ፣ የሌለው ባዶ እጁን ሄዶ ከበሩ ላይ «እግዜር ይማርህ» ይላል፤ ሕመምተኛውም ከተኛበት ቀና ብሎ «አሜን፣ ክፉ አይንካህ» ብሎ ይመልሳል። ሳይጠይቅ የቀረ ሰው ሕመምተኛው ድኖ በመንገድ ባገኘው ጊዜ አንገቱን ይደፋል፤ ቅያሜ እንዳለበት ያውቃልና።

እንግዲህ ከሕመም ሁሉ መካከል ይህ ደግ ልማድ የማይደርሰው አንድ ሕመም አለ፤ እርሱም የአእምሮ ሕመም ነው። አእምሮው የታመመ ሰው ጠያቂ የለውም። ብርቱካን አይወሰድለትም፤ «እግዜር ይማርህ» አይባልም። ቤተሰቡም «ልጃችሁ እንዴት አደረ?» የሚል ጎረቤት አይገጥመውም፤ ቢገጥመውም ጠያቂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግራና ቀኙን ተመልክቶ ነው። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስንነሣ አስቀድመን ራሳችንን ጠየቅን። እስከ ዛሬ ስንት ሕመምተኛ ጠይቀናል? ብዙ። ከነዚያ ውስጥ በአእምሮ ሕመም የተኛ ስንት ነበር? አንድም አልነበረም። ብዕር ያነሣነውም ይህ መልስ ስላሳፈረን ነው።

በአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ አለፍ ብሎ፣ በአማኑኤል ስም የሚጠራ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አለ። ይህ ሆስፒታል በጠላት ወረራ ዘመን የተጀመረ ሲሆን፣ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ለመላው አገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአማኑኤል ትርጓሜ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት እንደሆነ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቃል። ይህን የመሰለ ስም በከተማችን አፍ ምን ሆኖ እንደቀረ ግን ተመልከቱ። በጨዋታ መካከል አንዱ ያልተለመደ ሐሳብ ቢያመጣ «ይኼስ አማኑኤል መግባት አለበት» ይባላል፤ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰዎች ቢጣሉ አንዱ ሌላውን «ከአማኑኤል ያመለጠ» ብሎ ይሰድባል። የመዳኛው ቤት ስም ስድብ ከሆነ፣ ወደዚያ ቤት መሄድ የሚገባው ሰው እግሩ እንዴት ይታዘዝለት? ሳንባውን የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ቤት ሲገባ ጎረቤቱ ቢያየው አይደነግጥም። አእምሮውን የታመመው ግን ከበሽታው ይልቅ በሩ ላይ የሚያገኘውን የሰፈሩን ሰው ይፈራል።

ቋንቋችንም በዚህ ነገር ከጥፋት ነጻ አይደለም። ሌላውን በሽታ ሁሉ በሰውየው ላይ እንደ መጣ ነገር አድርገን እንናገረዋለን፤ «ወባ ያዘው»፣ «ጉንፋን ያዘው»፣ «ራስ ምታት ተነሣበት» እንላለን። እስከ ዛሬ «እገሌ ጉንፋን ነው» የተባለ ሰው የለም። አእምሮው የታመመውን ግን «እብድ ነው» ብለን ሰውየውን ራሱን በሽታ እናደርገዋለን። ከዚያም ተረቱ ይከተላል። «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን» ብለን አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ፈጽሞ እንደማይድን እንፈርድበታለን። «እብድና ብርድ ያስቃል በግድ» እያልን ደግሞ መከራውን መሣቂያ እናደርጋለን።

ይሁን እንጂ አባቶቻችን ሌላም ተረት ትተውልናል፤ «የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል» ይላል። ይህን ተረት ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው በሌላ ነገር፣ በሰዎች ጠብ ውስጥ እሳት የሚያቀጣጥለውን ለመውቀስ ነው። ቢያስተውሉት ግን የሚወቅሰው እብድ የተባለውን ሰው ሳይሆን፣ ጤነኛ ነኝ ብሎ አጠገቡ የቆመውን ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም ስለ ድንጋይ አቀባዮቹ ነው።

ሕዝባችን ስለ አእምሮ ሕመም ያለውን አስተሳሰብ ድንቁርና ነው ብሎ ማለፍ ለተማረ ሰው ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ሰው ድንገት ባሕርይው ሲለወጥ፣ የማይታይ ሲያናግርና እንቅልፍ ሲያጣ፣ ቤተሰቡ «ምን ነካው?» ብሎ ይጠይቃል። ለጥያቄውም ልማድ መልስ አዘጋጅቶ ቆይቶታል፤ ርኩስ መንፈስ፣ ዛር፣ ቡዳ፣ መተት ወይም እርግማን ይባላል። ስለዚህ ክርስቲያኑ ወደ ጠበል ይሄዳል፤ ሙስሊሙ ቁርኣን ያስቀራል። በእንጦጦ፣ በሸንኮራ ዮሐንስና በጻድቃኔ ማርያም ስንቅ ቋጥሮ፣ ልጁን ደግፎ፣ ሌሊት ተነሥቶ ተራ የሚጠብቀውን አባት ያየ ሰው፣ ይህ ፍቅር አይደለም ሊል አይችልም።

ከዚህም በላይ ሕመሙ ከውጭ የመጣ ነው ብሎ ማመን አንድ በጎ ነገር አለበት፤ ይኸውም ሰውየውን ከበደል ነጻ ማውጣቱ ነው። «እርሱ አይደለም የሚናገረው» የምትል እናት ልጅዋን ከሕመሙ ለይታ ታየዋለች፤ ዛሬ ሐኪሞች የሚመክሩንም ሰውየውንና ሕመሙን ለይተን እንድናይ ነው። ክፋቱ በሌላው በኩል ይመጣል። ያው እምነት ዞር ብሎ «የማን ኃጢአት ነው? የማን ዘር ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በሽታው የቤተሰብ ነውር ይሆናል። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ በስውር ከሚያጣራው ነገር አንዱ «በዘራቸው ውስጥ እብድ አለ ወይ?» የሚለው መሆኑን የማያውቅ የለም። አንድ ወንድም ታመመ ማለት እንግዲህ የሦስት እኅቶቹ ትዳር ተጠረጠረ ማለት ነው። ቤተሰቡ የሚደብቀውም ልጁን ጠልቶ ሳይሆን ሌሎቹን ልጆች አስቦ ነው።

ይህን ሁሉ በግምት ብቻ አንናገርም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቡታጅራ፣ ስለ አእምሮ ሕመም በተደረገ ምርምር ስሟ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ባካባቢው የሚታወቁ 100 ሰዎችን ስለዚህ ነገር ጠይቀው ነበር። ሕዝቡ የአእምሮ ሕመም ምልክት ነው ብሎ ከሁሉ በላይ የጠቀሰው ብዙ መናገርን፣ ቁጡነትንና ያልተለመደ አድራጎትን ነው። ለእንዲህ ያለው ሕመም የባህሉን ሕክምና፣ ለሰውነት ሕመም ግን ዘመናዊውን ሐኪም እንደሚመርጥም ታወቀ። ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። ሕዝባችን የሚያየው የሚጮኸውን ሕመምተኛ ነው። በዝምታ የሚታመመውን፣ ከአልጋው መነሣት የከበደውን፣ ምግብ የጠላውን፣ በልቡ ሞትን የሚመኘውን ሰው «ሰነፈ» ወይም «ኮራ» እንለዋለን እንጂ ታመመ አንለውም። አንደኛውን እናስረዋለን፤ ሁለተኛውን እንወቅሰዋለን።

እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮም በዚያው በቡታጅራ አካባቢ ከ68,000 የሚበልጡ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለዩ። ከነዚሁ ሕሙማን ቤተሰቦች መካከል 178 ሰዎች ተጠይቀው የሰጡት መልስ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሞ ወጥቷል። ከመቶው 75 የሚሆኑት በሕመምተኛው ምክንያት መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ገለጹ። ከመቶው 42 ሰዎች በተለየ ዓይን ያዩናል ብለው ይሠጋሉ፤ ከመቶው 37 ዘመዳቸው መታመሙን መደበቅ ይፈልጋሉ። መገለሉን በምን እንደሚቋቋሙት ሲጠየቁም አብዛኞቹ በጸሎት አሉ። እነዚህን ቁጥሮች እንደ ተራ ስሌት ማንበብ አይገባም። ከመቶው 37 ሰው ይደብቃል ማለት፣ ሦስት የሕመምተኛ ቤተሰቦች ባሉበት መንደር ምናልባት አንዱን ቤት ፈጽሞ አናውቀውም ማለት ነው።

የተደበቀ ሕመምተኛ የት ይቀመጣል? በጓዳ፣ በጎተራ ሥር፣ አንዳንዴም በሰንሰለት። እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነገር እናስታውስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንድ ሰው በአእምሮ ሕመሙ የታወቀ ነው የሚባለው መቼ እንደሆነ ሲወስን፣ በከተማ ሆስፒታል መተኛቱን እንደ ምልክት ይወስዳል። የነዋሪው ቁጥር ከ2000 በታች ለሆነ የገጠር ቀበሌ ግን ሌላ ምልክት አበጀ፤ ይኸውም ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች የሚጠብቁትና በሕመሙም ምክንያት እንደልቡ እንዳይዘዋወር የከለከሉት እንደሆነ ነው። ሕግ አውጪው ሳይወድ የመሰከረው እውነት ይህ ነው፤ በገጠር ሆስፒታሉም፣ ሐኪሙም፣ ጠባቂውም ቤተሰቡ ነበር።

በጉራጌ ዞን በሶዶ ወረዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ልጆቻቸውን ያሰሩ ሰዎችን አነጋግሮ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት እናት ልጃቸው በሰንሰለት ስለ ታሰረ ቀንና ሌሊት እንደሚያለቅሱ ተናግረዋል። የሚያስሩት ጨክነው አይደለም። ገደል እንዳይገባ፣ ጠፍቶ እንዳይቀር፣ ሰው እንዳይመታ ወይም ሰው እንዳይመታው ፈርተው ነው። መድኃኒቱ ሩቅ፣ የመጓጓዣው ገንዘብ የሌለ፣ ጎረቤቱም ለአንድ ሰዓት «እኔ ልጠብቀው፣ እናንተ ገበያ ድረሱ» የማይል ሲሆን፣ ቀርቦ የሚገኘው ሰንሰለት ብቻ ነው። ሰንሰለቱን የሚቆልፈው አባት ነው፤ ብረቱን ያቀበለው ግን ያ ሳይመጣ የቀረው ጎረቤት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የዚህ ሁሉ ዋጋ በመጨረሻ በዕድሜ ይከፈላል። በቡታጅራ 919 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለዐሥር ዓመት ተከታትለው ተጠንተው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በዚያ ጊዜ ውስጥ 121 ሰዎች ሞቱ። የሞቱትም ከሌላው ሰው 30 ዓመት ያህል ቀድመው ነው። አንባቢ ምናልባት ራሳቸውን እየገደሉ ነው ብሎ ይገምት ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ሞትም አደጋም አልታጣም። ነገር ግን ግማሽ ያህሉ የሞቱት በተላላፊ በሽታ፣ ማለትም ሌላው ሰው በጤና ጣቢያ ታክሞ በሚድንበት ዓይነት በሽታ ነው። እብድ የተባለ ሰው ሲያስለው ሳሉን የሚሰማ የለም፤ ሲያተኩሰው ግንባሩን የሚዳስስ የለም። «እግዜር ይማርህ» ያልተባለ ሰው ቀድሞ ይሞታል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ገጠሩ ነው። የተማረው አንባቢያችንም «መቼስ ትምህርት ሲስፋፋ ይህ ሁሉ ይቀራል» ብሎ ራሱን ሳያጽናና አልቀረም። ስለዚህ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ።

በዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለን ከመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን አንዱ ታመመ። ከገጠር የመጣ፣ ዝምተኛ፣ በሒሳብ የሚበልጠን ልጅ ነበር። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ፤ ሌሊት ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ይመላለስ ጀመር። ቀጥሎ ብርድ ልብሱንና አዲስ ጫማውን ለማያውቃቸው ተማሪዎች ሰጠ። ከዚያም ሬዲዮው ስለ እርሱ እንደሚናገር በሹክሹክታ ነገረን። እኛስ ምን አደረግን? «ነቢዩ» የሚል ስም አወጣንለት። ማታ ማታ ትንቢት እንዲናገር እየጠየቅን እንሥቅ ነበር። አንዱ ጓደኛችን ሲናገር በስልኩ ቀርጾት፣ ምስሉ ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ዞረ። ከመካከላችን የሥነ ልቦና ትምህርት የወሰደ ነበር፤ ስለ ሰብዓዊ መብት ለመመረቂያው የሚጽፍም ነበር። አንዳችንም ግን «ይህ ልጅ ታሟል» አላልንም።

ይህ ሦስት ሳምንት ቆየ። አንድ ሌሊት ጥበቃዎች ግቢ ውስጥ ራቁቱን አግኝተው ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን እናቱ በአውቶቡስ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንደ ለቅሶ ቤት ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና «ልጆቼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለው ጠየቁን። ሦስት ሳምንት ይሆነዋል አልናቸው። ሴትዮዋ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም አልተቆጡም፤ አልረገሙንም፤ «ስልኬ እኮ በደብተሩ ጀርባ ላይ ተጽፎ ነበር» ብቻ አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ተምረናል፤ ብዙ ፈተናም አልፈናል። የዚያችን ዐረፍተ ነገር ያህል ግን የከበደን የለም። ገበሬዋ እናት ምን ማድረግ እንደሚገባ ያውቁ ነበር፤ ሰው ሲታመም ለቤተሰቡ ይነገራል። የተማርነው እኛ ግን ረሳነው። መንፈስ ያዘው የሚል ሰው ቢያንስ ወደ ጠበል ይወስደዋል። በመንፈስ አናምንም የምንል እኛ ወዴትም አልወሰድነውም። እንግዲህ የድሮውን እምነት ጥለን በምትኩ ያስገባነው ዕውቀት ሳይሆን ሣቅ ብቻ ከሆነ፣ ሠለጠንን ማለት አይቻልም።

ልጁ አልጠፋም። እናቱ ሰባት ሳምንት ጠበል አስጠመቁት፤ ቀጥሎም አንድ ዘመድ መክሯቸው ወደ ሐኪም ወሰዱት። መድኃኒት ጀመረ፤ እንቅልፉ ተመለሰ። ከአንድ ዓመት በኋላም ትምህርቱን ቀጥሎ ተመረቀ። ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል ይሠራል። በቅርቡ ስናገኘው በየወሩ ሐኪም ቤት ለመሄድ ፈቃድ ሲጠይቅ ለአለቃው ምን እንደሚል ጠየቅነው። «ጨጓራ ነው የምላቸው» አለን እየሣቀ። «ጨጓራ የተከበረ በሽታ ነው። ባልደረቦቼ በጣም ያዝኑልኛል፤ ከቤታቸው ተልባ እየመቱ ያመጡልኛል። ለሌለብኝ በሽታ የማያደርጉልኝ የለም። ያለብኝን ቢያውቁ ግን ሒሳቡን የሚያምነኝ አይኖርም።» እኛም አብረን ሣቅን፤ ሣቁ ግን ብዙ አልቆየም።

እስቲ ይህን እንመርምረው። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ተልባ የሚመታ ሰው ክፉ አይባልም። ልጁም ሐሰተኛ አይደለም። በመካከላቸው የቆመው ግንብ አንድ ቃል ብቻ ነው። ያ ቃል ባይኖር ኖሮ መድኃኒቱ ጧት እንቅልፍ እንቅልፍ ሲያሰኘው አንድ ሰዓት አርፍዶ እንዲገባ ይፈቀድለት ነበር፤ ሕመሙ ሊመለስ ሲልም ምልክቱን የሚያይለት ባልደረባ ያገኝ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የሚደብቀው የሚያስደብቀው ስላለ ነውና።

ስለ ሕክምናውም ጥቂት ማለት ይገባል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የለውም የሚባለው አሮጌ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በፓሪስ ዶክተር ዠን ደሌና ዶክተር ፒየር ደኒከር ክሎርፕሮማዚን የተባለውን መድኃኒት ለሕሙማን ሰጥተው ውጤቱን ካዩ ወዲህ፣ ቀድሞ ዕድሜ ልካቸውን በአጥር ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሰዎች ወደ ቤታቸው ለመመለስ ችለዋል። ባገራችንም የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን በአማኑኤል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀመረ። የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ የሚማሩት በውጭ አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ በቡታጅራ አካባቢ የተደረገ ጥናትም አንድ የሚያስደስት ነገር አሳይቷል። ለጥቂት ጊዜ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ለከባድ የአእምሮ ሕሙማን የሰጡት ክትትል፣ በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጡት የማያንስ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ማለት ሕክምናው ለወረዳው ሩቅ ሆኖ መቅረት የለበትም ማለት ነው። መድኃኒቱ ሁሉን ፈጽሞ ይፈውሳል አንልም፤ ደም ግፊትና ስኳር እንደሚያዙ ሁሉ ብዙውን ሕመምተኛ ለሥራና ለኑሮ ያበቃዋል።

«ጠበሉስ?» የሚል አይጠፋም። በዚህ ነገር ጠብ የሚፈጥሩት ሕመምተኞቹ አይደሉም። ኤች አይ ቪ ብዙ ወገኖቻችንን በጨረሰበት ጊዜ፣ መድኃኒታቸውን ጥለው ወደ ጠበል የሚሄዱ ብዙዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አይጣሉም ብለው በይፋ አስተማሩ። ያ ምክር ለዚህም ሕመም ይሠራል። ጧት የሚጠመቅ ሰው ማታ ኪኒኑን ቢውጥ እምነቱን አላጎደለም። የሚያስፈልገው አጥማቂው ሕመምተኛውን እንዳይገርፍና እንዳያስር፣ መድኃኒቱንም እንዳያስጥል፣ ሐኪሙም የሕመምተኛውን ጸሎት እንዳይንቅ ብቻ ነው።

«አደገኛ ናቸው፤ ይመታሉ» የሚልም አለ። በሕመሙ ብርታት ሰው የሚመታ መኖሩን አንክድም፤ ከሕመምተኛው ጋር የሚኖር ቤተሰብ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ነገር ግን በየመንገዱ የምናያቸውን ልብ ብለን ብንመለከት፣ ድንጋይ የሚወረውሩት ሕፃናት፣ ውኃ የሚደፉት ባለ ሱቆች፣ ሌሊት ሴቶቹን የሚደፍሩት ደግሞ ጤነኞች የሚባሉ ወንዶች ናቸው። አደጋ የሚደርስበት ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ሕመምተኛው ነው። ለሚያስፈራ ሕመም መፍትሔው ሕክምና ነው፤ ያልታከመ ሕመም ደግሞ ከማንም በላይ ያስፈራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ትልቁን ነገር፣ ሆስፒታል መሥራቱንና መድኃኒት ማስመጣቱን፣ መንግሥት እንዲሠራው እንጠብቃለን፤ እንጠይቃለንም። ሕዝቡም የራሱን ጀምሯል። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ ተመሥርቶ፣ ጎዳና ላይ የወደቁትን እያነሣ ማጠብና ማልበስ ከጀመረ ወዲህ፣ ብዙ ሰው ልደቱንና ሠርጉን እዚያ ከሕሙማኑ ጋር ማክበር ለምዷል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የማናውቀውን ሕመምተኛ በዓመት አንድ ቀን ማብላት፣ የምናውቀውን በየቀኑ ከማክበር ይቀልላል።

ስለዚህ ለተማሪውና ለወጣቱ ሹም የምንለው ጥቂት ነው። በመኝታ ክፍልህ ወይም በመሥሪያ ቤትህ የሰው ጠባይ ድንገት ሲለወጥ፣ ስም አታውጣለት፤ ቀርበህ ጠይቀው፤ ለሚወደው ሰውም ደውል። ያየኸውን በስልክ ቀርጸህ አትበትን። አለቃ የሆንህ እንደሆነ፣ የሕመም ፈቃድ ጠያቂው ሕመሙ የሆድ ይሁን የአእምሮ ፈቃዱ አንድ መሆኑን አትዘንጋ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም በውስጡ እንዳካተተ አንብበው፤ ማኅደር ውስጥም አትቅበረው። ድኖ የተመለሰውን ሠራተኛ በሥራው መዝነው፤ በወሬ አትመዝነው። ጽሕፈት ቤትህ ውስጥ «እብድ» የሚል ቀልድ ሲነሣ ደግሞ ዝም አትበል፤ ከሚሥቁት መካከል በመሳቢያው ኪኒን የደበቀ ሰው ሊኖር ይችላልና።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ጓደኛችን ሕመሙ ትንሽ ተነሥቶበት ከሥራ መቅረቱን ሰማን። የጥንቶቹ የመኝታ ክፍል ጓደኞች ተጠራርተን፣ ስልኩን ቀርጾ ያዞረው ልጅም ጭምር፣ ባለፈው እሑድ ብርቱካን ገዝተን ወደ ቤቱ ሄድን። እናቱ በር ከፈቱልን፤ ወዲያው አወቁን። እርሱም ከአልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁላችንም ባንድ ድምፅ «እግዜር ይማርህ» አልነው።

ጥቂት አየንና፣ «አሜን፣ ክፉ አይንካችሁ» አለ። ቀጥሎም ፈገግ ብሎ፣ «ለጨጓራዬ ነው?» ሲል ጠየቀን።

አይደለም አልነው።